የወይዘሮ ቦኖ ውሃ አጭር የሕይወት ታሪክ

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ ወዳጅ ዘመዶች፣ ባዶ ጀሪካን ይዛችሁ የመጣችሁ ለቀስተኞችም ጭምር፤ ድንኳኑ ጠባብ ነውና እባካችሁ ጠጋ ጠጋ በሉልን። ንፍሮው ዞሮ እስኪደርስ የሟችን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ ታዝዣለሁ። ወረቀቱ «አጭር የሕይወት ታሪክ» ይላል። ዕድሜያቸው እንኳ አጭር አልነበረም፤ አጭሩ ውሃ የሚሰጡበት ሰዓት ነበር።

ወይዘሮ ቦኖ ውሃ ከአባታቸው ከቀበሌ ማኅበር፣ ከእናታቸው ከነዋሪው መዋጮ፣ በቅዳሜ ገበያ መግቢያ፣ ከዋርካው ዝቅ ብሎ ተወለዱ። የልደታቸውን ቀን የጻፈ ሰው የለም። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኖ፣ ቀበሌ የሚባል አባት ከተገኘ በኋላ መሆኑን ግን ሽማግሌዎቹ ሁሉ ይስማማሉ። እናትየው አሸዋና ድንጋይ በጀርባዋ ተሸክማ አቀረበች፤ አባትየው ሪባን ቆረጠ። በምረቃው ዕለት ውሃው እስከ ዋርካው ተረጨ ይባላል። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ግፊት ያየ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

ስለ ደግነታቸው ብዙ አልልም፤ ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ንጹሕ ነበሩ፣ ጨው ጨው አይሉም ነበር፣ ሀብታምን ከድሃ አያስቀድሙም ነበር። በቃ። አሁን ወደ አመላቸው ልግባ።

አመል ያወጣል ከመሀል ይባላል፤ የእሳቸው አመል ግን እኛን ነው ከአልጋ መሀል ሲያወጣ የኖረው። ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆመን ስንለምናቸው ጭጭ። ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጦ፣ በሩን ዘግቶ ሲተኛ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ጉሮሯቸውን መጥረግ ይጀምራሉ። መጀመሪያ ያጉረመርማሉ፣ ቀጥሎ ያስነጥሳሉ፣ ከዚያ «ፍስስስስ…»። «መጣች!» ይላል አንዱ። ውሻው ይጮኻል፣ በር ይንኳኳል፣ ነጠላ ጫማ የግራው በቀኝ ይጠለቃል፣ ሰፈሩ በሙሉ ጀሪካኑን እያንቋቋ ይወርዳል። ደርሰን ስንደግን ንፋስ ነው። ንፋስ ብቻ! ቢሆንም «ዛሬም ንፋስ ነው» ብሎ ተሸፋፍኖ የሚተኛ አልነበረም፤ የተኛህባት ሌሊት ውሃ የምትሰጥ ጉድ ነበረቻ።

አንቱታው አመለጠኝ መሰለኝ። ይቅር በሉኝ፤ ያን ሁሉ እንቅልፍ ለነሳችኝ ሴት አንቱ ማለቱ ይከብደኛል፤ እሷ እያልኩ ብቀጥል አትቀየመኝም። ደግሞስ ክረምት ከበጋ መች ለየች? ልየታዋ የተገላቢጦሽ ነበር። ሐምሌና ነሐሴ፣ ጣራው ሁሉ አሸንዳ ሆኖ በርሜል ሲሞላ፣ ሳትጠራ ትፈሳለች። ሚያዝያ ላይ፣ ለፋሲካ ጠላ የሚጠምቀው ሁሉ ደጇ ሲንጋጋ፣ ያኔ ትጦማለች። ትንሣኤ ሲገባ እንኳ አትገድፍም።

በሐምሌ 21 ቀን 2002 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ንጹሕ ውሃ ማግኘት ሰብአዊ መብት ነው ብሎ ሲወስን 122 አገሮች ደገፉ፣ የተቃወመ አልነበረም፣ የእኛን አገር ጨምሮ 41 አገሮች ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ሰፈራችን ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነበር፤ ቦኖአችን ድምፁንስ ሰጥታናለች፣ ተአቅቦውን ያደረገችው በውሃው ላይ ነው።

ሰልፏን የማያውቅ እዚህ የለም። ሰው አይደለም የሚሰለፈው፣ ጀሪካን ነው። ባለ 20 ሊትር፣ ቢጫ፣ ዘይት የመጣበት፣ እጀታው ላይ የባለቤቱ ምልክት የታሰረበት፤ የአንዷ ቀይ ጨርቅ፣ የአንዱ የኤሌክትሪክ ሽቦ ቁራጭ፣ የሌላዋ ደግሞ ቀዳዳው በሳሙና የተደፈነ፣ እሱ ራሱ ምልክት የሆነ። ትርፍ ጀሪካን የሌለው ድንጋይ ያስቀምጣል። ድንጋይ ደግሞ አይናገርም፣ ማንም በእግሩ ገፋ አድርጎ የራሱን ሊያስቀድም ይችላል፤ ስለዚህ በርስት ከተካሰስነው ይልቅ በዚያ ድንጋይ የተካሰስነው ይበልጣል። ማን ለማን እንደታጨች፣ የማን ላም ሳትመለስ እንዳደረች፣ ጤፍ ባለፈው ቅዳሜ ስንት እንደዋለ የሰማነውም እዚያው ነው። ዓመት ሙሉ የተኳረፉ ሁለት ጎረቤቶች፣ አንዷ የሌላዋን ጀሪካን ለማሸከም ጎንበስ ባለችበት ቅጽበት ሲታረቁ አይቻለሁ። ሽማግሌ አልተላከባቸውም። ጀሪካኑ ከብዶ ነው።

ቁልፍ ያዥዋን እትዬንም እናንሳት፤ አለች፣ ከኋላ ተቀምጣለች፣ አትዙሩባት። ከዚያች የቆርቆሮ ቤት መስኮት ሆና ሳንቲሙን ትቀበልና ነጠላዋ ጫፍ ላይ ትቋጥራለች። መልስ ሲጠየቅ «ሳንቲም የለኝም፣ ነገ» ነው። ስትዘጋ የቧንቧውን እጀታ ነቅላ ጉያዋ ትከተዋለች። «እትዬ፣ ይኼን ዝገት ማን ይወስድብሻል?» ስንላት «ብረቱን አይደለም፣ ውሃውን ነው የምጠብቀው» ትላለች። የቱን ውሃ እንደሆነ ደፍሮ የጠየቃት የለም።

ገበያችን እንደ ባቲ ሰኞ፣ እንደ ሰንበቴ እሑድ ስሙ ሩቅ የተሰማ አይደለም። ቢሆንም ቅዳሜ ቅዳሜ ከደጋውም ከቆላውም ይመጣበታል። ሌሊት ተነስታ እህሏን በአህያ ጭና የደረሰች ሴት ጭነቷን ሳታራግፍ የምትሄደው ወደ ቦኖ ነበር። በእፍኟ ትቀበላለች፣ ልጇን ታጠጣለች፣ የቀረውን ፊቱ ላይ ታብስለታለች። ከእፍኟ የሾለከው ከሥር ባለችው ገንዳ ተጠራቅሞ አህያዋ ይጠጣዋል። «የማን ቤት ነሽ?» ያላት የለም። ለእፍኝ ውሃ ሳንቲም ያስከፈላትም የለም፤ እትዬ እንኳ ያኔ ፊቷን ታዞር ነበር። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት እናት ልጇን አዝላ ቦኖው የነበረበት ድረስ መጥታ ቆመች። ዙሪያውን አየች። ከዚያ ከሱቅ አንድ የታሸገ ውሃ ገዛች። ለዚያች ፕላስቲክ የከፈለችው ብር ስንት ኪሎ ሽንኩርቷን እንደበላባት ማስላት አልፈለግሁም።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። «ሟች ባደረባቸው ሕመም በአገር ውስጥ ሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ይላል። እስቲ ሕክምናውን እንየው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ፓምፑ ተቃጠለ። ቧንቧው ሲያፈስ የጎማ ቁራጭ ተጠመጠመበት፤ ጎማው ሲላላ በጎማው ላይ ሌላ ጎማ። አጥኚ ቡድን መጣ፣ ፎቶ አነሳ፣ አበሉን ተቀብሎ ሄደ። ጉዳዩ ወዴት ደረሰ ሲባል «የሚመለከተው አካል ይዞታል» ተባለ። ያ አካል ብዙ ነገር ይመለከት እንደነበር አልክድም። ወደ እሷ ብቻ ዞር ብሎ አያውቅም።

ግን በሕመም አልሞተችም። ወረቀቱን እዚህ ላይ ላስቀምጠው። ተገድላለች። ገዳይዋን በስም አልጠራም፤ ልጥራው ብልም ስም የለውም፤ ውሳኔው የጋራ ነው፣ ፊርማው የኮሚቴ ነው፣ ማኅተሙ ደብዝዟል። ስብሰባውን ግን አስታውሳለሁ፣ ብዙዎቻችሁም ነበራችሁ። ከተማችን በደረጃ አደገች የተባለበት ሰሞን ነው። መድረኩ ላይ የታሸገ ውሃ በየሰዉ ፊት ተደርድሯል። «ቦኖ ለከተማችን ገጽታ አይመጥንም» አለ ተናጋሪው፣ በየመሀሉ ጉሮሮውን በዚያው ውሃ እያራሰ። እያንዳንዱ ቤት የራሱ መስመር ይገባለታል፣ ሰልፍ ታሪክ ይሆናል አለ። አጨበጨብን። አንድ አባት እጃቸውን አወጡና «ልጄ፣ ተከራዩ መስመሩን በማን ካርታ ነው የሚያስገባው? ገበያተኛውስ ከየት ይጠጣ?» አሉ። «አባቴ፣ ጥሩ ነጥብ ነው፤ እንደ ግብዓት ወስደነዋል» ተባሉ። ውሃ እንኳ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል። የእሳቸው ግብዓት ገብቶ ቀረ።

እርግጥ መስመር ያስገባን አለን። ውሃው በፈረቃ ነው። ፈረቃው ሲዞር፣ ባዶ ቧንቧ ውስጥ የተጠራቀመው አየር በውሃው ተገፍቶ ሲወጣ ቆጣሪውን ያሽከረክረዋል፤ ይህን የቧንቧ ሠራተኛ ሁሉ ይነግራችኋል። ስለዚህ ለንፋስም እንከፍላለን ማለት ነው። ሟች ንፋሱን በነፃ ነበር የምትሰጠን፤ ነፍሷን ይማር። መስመር የሌለው ደግሞ ከአህያ ጋሪ ይገዛል። አንድ ሜትር ኪዩብ 50 ጀሪካን ነው። ባለጋሪው አንዱን ጀሪካን በ10 ብር ሲያወርድ፣ ሜትር ኪዩቡ 500 ብር ገባ። ግቢያችሁ ቆጣሪ ያላችሁ ሰዎች ቢላችሁን አውጥታችሁ ከዚህ ጋር አስተያዩት። ከዚያ ወጥታችሁ፣ በጉልት ቃሪያ የምትሸጠው ተከራይ ከእናንተ የተሻለ ምን ውሃ ብትጠጣ ነው ይህን ያህል የምትከፍለው ብላችሁ ጠይቁ።

በመጀመሪያው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የከተማ ሰው ድርሻ በቀን 20 ሊትር፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ባልራቀ ቦታ ነበር። አንዲት ቢጫ ጀሪካን ናት። በሁለተኛው ዕቅድ ድርሻው እንደ ከተማው ስፋት ከ40 እስከ 100 ሊትር ከፍ አለ። ወረቀቱ ላይ ጀሪካኑ አደገ፤ እኛ ቤት ያለው ግን ያው ባለ 20 ነው፣ እሱም እጀታው ተሰንጥቋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 90 ንጹሕ ውሃን ያነሳል፤ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ብሎ። አቅሙ አልፈቀደ ይሆናል ብዬ ልጽናና ነበር፤ ግን ቦኖዋ በነበረችበት ቦታ ላይ ፏፏቴ ተሠራ። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መብራት አለው። በምረቃው ምሽት ለአንድ ሰዓት ያህል ወደ ላይ ተተኮሰ፣ ሁላችንም ፎቶ ተነሳን። ከዚያ ወዲህ ደርቋል። ጥበቃ ግን አለው፤ ሥራው ጀሪካን የያዘ ልጅ እንዳይጠጋ መከልከል ነው። ልጆቹ ውሃ እንደሌለው አጥተውት አይደለም። እናታቸው «ውሃ ቅዱ» ስትላቸው እግራቸው የሚያውቀው መንገድ እሱ ብቻ ሆኖባቸው ነው።

የሟችን ንብረት በተመለከተ፤ የቆርቆሮ ቤቷ በጨረታ ተሸጣ የዶሮ ቤት ሆናለች። ገንዳዋ የት እንደገባች አልታወቀም፤ ያየ ሰው ለእድሩ ጸሐፊ ይንገር። እጀታው እትዬ ጋ ነው፤ አስረክቢ ብትባል «ተረካቢው ማነው?» ብላ እስካሁን መልስ አላገኘችም። ውሃውን ዛሬ ከባለጋሪው በዱቤ ነው የምትወስደው። ሒሳብ ሲጠይቃት «ሳንቲም የለኝም፣ ነገ» ትለዋለች አሉ፤ በዚህ እንኳ ሟችን አላሳፈረቻትም።

በመጨረሻ የአርባዋን ነገር ላሳውቅ። ጠላ ይጠመቃል፤ ጠላ ደግሞ ያለ ውሃ አይሆንም። ኮሚቴው በየቤቱ አንድ አንድ ጀሪካን ይዋጣ ብሎ ነበር፤ በዚያ ሳምንት ፈረቃው የላይ ሰፈር ነው የታች ሰፈር በሚለው ሳንስማማ ተበተንን። ስለዚህ ባለጋሪውን ዋጋ ጠየቅነው። «ለሠርግ ነው ለተዝካር?» አለን። ምን ልዩነት አለው ብንለው፣ «ሠርግ ይራዘማል፤ አርባ ቀኑን አይለቅም። ለሱ 15 ብር ነው» አለ።