ታንከሩ እንዲፈነዳ ከፈለጋችሁ

ሜልበርን፣ ዌሪቢ እየኖራችሁ ላቨርተን ኖርዝና አልቶና አካባቢ የካርቦን ስቲል የግፊት ታንከር የምትበይዱ ወገኖቼ፣ ሰው የሚገድል ታንከር ሠርታችሁ ማስረከብ ከፈለጋችሁ ዘዴው ቀላል ነው። ከብየዳ በኋላ የሚደረገውን ሂት ትሪትመንት አበላሹት። ብየዳው ያማረ ይሁን፣ ኤክስሬዩንም ይለፍ። እናንተ የምትተዉት ጉዳት በዓይንም በኤክስሬይም አይታይም፤ ዓመታት ታግሶ ይጠብቃል።

መጀመሪያ ውፍረቱን አትለኩ። የአሜሪካው የአስሜ ኮድ ተራ ካርቦን ስቲል ከ38 ሚሊሜትር በላይ ከሆነ ሂት ትሪትመንት ግዴታ ነው ይላል። ከ32 እስከ 38 ያለው የሚታለፈው ከብየዳው በፊት ቢያንስ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሞቀ ብቻ ነው። አውስትራሊያም በኤኤስ 1210 እና በኤኤስ 4458 የራሷን ሕግ አውጥታለች። እናንተ ግን «ይሄማ ቀጭን ነው» ብላችሁ እለፉት። ታንከሩ ውስጥ ምን እንደሚገባም አትጠይቁ። ከጠየቃችሁ፣ መርዛማ ነገር የሚይዝ ታንከር ቀጭንም ቢሆን ግዴታው እንደማይቀርለት ይነገራችኋል።

ይህ ምክር ውጤቱን አሳይቷል። ኢሊኖይ ውስጥ ሮሚዮቪል በሚባል ቦታ በሚገኝ የነዳጅ ማጣሪያ፣ ግድግዳው 25 ሚሊሜትር የሆነ የካርቦን ስቲል ማማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ከአካሉ አንዱ ቀለበት ተቆርጦ ወጣና ሌላ ተበየደለት፤ ሂት ትሪትመንት አልተደረገለትም፤ ለዚያ ውፍረት የሚያስገድደው አልነበረም። በውስጡ የሚያልፈው ግን ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ያለበት ጋዝ ነበር። ብየዳው ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ጎረቤቱ ብረት እንዳይኮማተር ይይዘዋል፤ በመሃል ውጥረት ታምቆ ይቀራል። ከብየዳው አጠገብ ያለው ብረት ደግሞ በፍጥነት ስለሚቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ ሃይድሮጂንም በቀላሉ ይሰነጥቀዋል። ስንጥቁ ቀስ እያለ አደገ። ሐምሌ 23 ቀን 1984 (እ.ኤ.አ.) ማማው ተበጠሰ፤ የላይኛው 14 ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ተወርውሮ ወደቀ። 17 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ እሳት ለማጥፋት የመጡ ነበሩ።

ሂት ትሪትመንት ካስገደዷችሁ ደግሞ ሙቀቱን ከምድጃው አየር ላይ ለኩ። የሙቀት መለኪያውን ቴርሞካፕል ብረቱ ላይ አትበይዱት። ኮዱ የሚለው ብረቱ ራሱ 595 ዲግሪ ደርሶ፣ ለእያንዳንዱ 25 ሚሊሜትር ውፍረት አንድ ሰዓት ይቆይ ነው፤ ከ50 ሚሊሜትር በላይ ሲሆን አቆጣጠሩ ይለወጣል። ላዩ ጠይሞ ውስጡ ሊጥ የሆነ ዳቦ እንደሚወጣው ሁሉ፣ ወፍራሙ የፍላንጅ ጫፍ ከቀጭኑ አካል በእጅጉ ዘግይቶ ይሞቃል፤ እናንተ ግን አየሩ ሲሞቅ ሰዓቱን መቁጠር ጀምሩ። እንግሊዝ ውስጥ ዎልቨርሃምፕተን፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1965፣ ግድግዳው 149 ሚሊሜትር የሆነ ታንከር በውሃ ግፊት ሲፈተሽ ተሰበረ። ሁለት ቶን ገደማ የሚመዝን ቁራጭ ወደ 46 ሜትር ተወረወረ። ብረቱ ከተራ ካርቦን ስቲል የተለየ ቅይጥ ቢሆንም፣ መርማሪዎቹ የደረሱበት ነገር እኛንም ይመለከታል፦ ታንከሩ ምድጃ ገብቶ ነበር፣ የሚገባውን ሙቀት ግን አላገኘም።

የሙቀቱን ቻርት ከተቻለ ካለፈው ሥራ ቅዱት። መስመሩ ቀጥ ብሎ ወጥቶ፣ ተኝቶ፣ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ማን ያስተውላል?

ስታሞቁም ስታቀዘቅዙም ቸኩሉ። ኮዱ ከ425 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ በሰዓት ከ222 ዲግሪ እንዳይበልጥ፣ ብረቱ ሲወፍር ፍጥነቱ እንዲቀንስ፣ ሲቀዘቅዝም እስከዚያው 425 ድረስ ተቆጣጥራችሁ እንድታወርዱት ያዛል። አርብ ከሰዓት ከሆነ ግን የምድጃውን በር ክፈቱና የዌሪቢ ነፋስ ይምታው። አንዱ ጎን ቀድሞ ይኮማተራል፤ ስታስወጡት የዋላችሁት ውጥረት ተመልሶ ይገባል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ማንሻ ጆሮ ወይም የመሰላል መያዣ መረሳቱ ትዝ ይላችኋል። ለማንም ሳትነግሩ እዚያው ላይ በይዱት። ትንሽ ነው፣ ደቂቃ አይፈጅም። ያቺ ትንሽ ብየዳ በወፍራምና በቀዝቃዛ ብረት ላይ ስትቀመጥ ከሁሉም በላይ በፍጥነት የምትቀዘቅዝ፣ ስለዚህም ከሁሉም በላይ የምትጠነክርና የምትሰነጠቅ ናት። ወረቀቱ ግን «ሂት ትሪትመንት ተደርጓል» ይላል።

ብርድንም ናቁ። ሜልበርን መሃል ያለው የኪንግ ስትሪት ድልድይ ከተከፈተ ከአንድ ዓመት ትንሽ በኋላ፣ ሐምሌ 10 ቀን 1962 (እ.ኤ.አ.) በክረምት 45 ቶን ገደማ የሚመዝን መኪና ሲያልፍበት ተሰበረ፤ መነሻው ከብየዳ ጫፍ የጀመሩ ስንጥቆች ነበሩ። እዚሁ ቪክቶሪያ፣ ሎንግፎርድ ጋዝ ማምረቻ፣ መስከረም 25 ቀን 1998 (እ.ኤ.አ.) አንድ የሙቀት መለዋወጫ ከዜሮ በታች 48 ዲግሪ ገደማ ቀዝቅዞ ሳለ ሙቅ ዘይት ተለቀቀበትና ተሰበረ። ሁለት ሠራተኞች ሞቱ፣ ስምንት ቆሰሉ፤ ቪክቶሪያ ለሁለት ሳምንት ያህል ያለ ጋዝ ቀረች። ማምረቻውን የሚያስተዳድረው ኤሶ እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለት ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። የሎንግፎርዱ የሂት ትሪትመንት ጉድለት አልነበረም። ካርቦን ስቲል ሲቀዘቅዝ ሳይለጠጥ እንደ ብርጭቆ እንደሚሰበር ግን ለሁሉም አሳይቷል፤ በውስጡ የታመቀ ውጥረት ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን አስቡት።

ፌዙ እዚህ ላይ ይብቃ። አገር ቤት በቴክኒክና ሙያ ተምራችሁ እዚህ የምትሠሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በእንግሊዝኛችሁ አትፈሩ። «ቴርሞካፕሉ የት ነው ያለው? ቻርቱን አሳየኝ» ብላችሁ ጠይቁ፤ ያላያችሁትን አትፈርሙ፤ ከምድጃ በወጣ ታንከር ላይ በይዱ ከተባላችሁ ኢንስፔክተሩ በጽሑፍ ይፍቀድ በሉ።