የጊታሪስቱ ግንባር

ሮክ የሚወድ ሐበሻ ለዘመዶቹ ራሱን ሲያስረዳ ይኖራል። አክስቴ ነገሩን በስሙ መጥራት እንኳ አትፈልግም፤ «ያ ነገርህ እንዴት ሆነ፣ ተሻለህ?» ትለኛለች በስልክ። ዋሽንግተን ዲሲ እየኖርኩ የሚሻለኝ አይመስለኝም።

ዩ ስትሪት አጠገብ 9ኛው ጎዳና ላይ ያለውን የሐበሻ ሰፈር የማያውቅ የዲሲ ሰው የለም። ክትፎ በልታችሁ ስትወጡ እዚያው መደዳ ላይ ዲሲ ናይን የሚባል ባር አለ፤ ፎቁ ላይ ስማቸውን ማንም ያልሰማው ልጆች ጊታር ይገርፋሉ። ትንሽ እልፍ ብላችሁ ቪ ስትሪት ስትደርሱ ደግሞ 1,200 ሰው የሚይዘው ናይን ሰርቲ ክለብ ነው። ከ1996 ጀምሮ እዚያው አለ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፤ ስሙን ያገኘው ቀድሞ ከነበረበት ከኤፍ ስትሪት ቁጥር 930 ነው። የኛ ሰው በእነዚህ በሮች ፊት የሚመላለሰው መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ብቻ ነው። «ዛሬ ደግሞ ምን ሊታደላቸው ነው የተሰለፉት?» ይልና ክላክሱን ነፍቶ ያልፋል።

ከተማዋ ግን ፖለቲከኛ ብቻ አይደለም ያፈራችው። በ1980 የሰፈር ጎረምሶች ባንዳቸው ሲፈርስ፣ ከመድረክ ያጠራቀሟትን ጥቂት መቶ ዶላር ተካፍለው በመብላት ፈንታ ሸክላ አሳተሙባት፤ ሽፋኑን በእጃቸው እየቆረጡና እያጣበቁ። ዲስኮርድ የሚባለው አሳታሚ የተወለደው እንዲህ ነው። ከመካከላቸው አንዱ፣ ኢያን ማካይ፣ ቆይቶ ፉጋዚ የተባለውን ባንድ ከጓደኞቹ ጋር መሠረተ። ትልልቅ አዳራሽ መሙላት ሲችሉ መግቢያውን 5 ዶላር አካባቢ አድርገው ዓመታት ዘለቁ፤ ሕፃን ሽማግሌ ሳይሉ ሁሉንም ያስገቡ ነበር። እኛ ግን የአገራችን ዘፋኝ ሲመጣ መጀመሪያ የምንደውለው አዘጋጁ ጋ ነው፤ «በር ላይ ስሜን ጻፍልኝ፣ አራት ሆነን ነው የምንመጣው።»

አጎቴን በሮክ ጉዳይ ያሳመነልኝ ሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያ ነው። አጎቴ ሰባን ያለፉ ናቸው፤ ከክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ወዲህ የተሠራ ሙዚቃ ሁሉ ልምምድ ነው የሚመስላቸው። የኔን ሮክ «የጄኔሬተር ድምፅ» ነው የሚሉት። አንድ ቀን መኪና ውስጥ ምንም ሳልናገር «ሞአ አንበሳ»ን ከፈትኩት። ዘ ኤክስ ከተባሉት፣ ከ1979 ጀምሮ በራሳቸው መንገድ ከኖሩት የሆላንድ ፓንኮች ጋር ሆኖ በ2006 ያወጣው አልበም ነው። ሳክስፎኑ ሽለላውን ሲያነሣውና ጊታሮቹ ከኋላ ሲያንጎራጉሩበት የአጎቴ ትከሻ ተነቃነቀ።

«እነዚህ ፈረንጆች ማን ላይ ሊዘምቱ ነው?» አሉ።

«ጋሼ፣ ሐሙስ ማታ እንዲህ ያለ ነገር አለ፤ ይምጡ ላሳይዎት» አልኳቸው።

ሐሙስ ማታ ለሁለታችን ከፍዬ የዲሲ ናይንን ደረጃ ወጣን። በር ላይ የቆመው ልጅ መታወቂያ ሲጠይቃቸው አጎቴ በደስታ ፈኩ፤ «ከ21 በታች መሰልኩት እኮ!» ውስጥ ስንገባ ተመልካቹን ከባንዱ የሚለየው ጊታር አለመያዙ ብቻ ነበር። ጊታሪስቱ እሳንቃ ላይ በፕላስተር የተጣበቁ ትንንሽ ሣጥኖች ፊት ተንበርክኮ ቁልፍ ያዞራል። የዘፈኖቹ ዝርዝር በፒዛ ካርቶን ጀርባ ላይ በማርከር ተጽፎ መሬት ተቀምጧል። ድራመሩ ሲጀምር አጎቴ ከኪሳቸው ሶፍት አውጥተው ጠቀለሉና ሁለቱንም ጆሯቸውን ወተፉ። አኮረፉ ብዬ ደነገጥኩ። ለካ እየተዘጋጁ ነው።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሰው ገፋ ገፋ አድርገው ወደፊት ሄዱ። ገና «ጋሼ፣ እባክዎ!» ሳልል 20 ዶላር ከጊታሪስቱ ግንባር ላይ ለጠፉ። ልጁ በላብ ርሶ ስለነበር ብሯ ጥብቅ አለች። አንዴ ወደ ጓደኞቹ፣ አንዴ ወደ አጎቴ አየና ምን ማድረግ እንዳለበት ስላላወቀ መጫወቱን ቀጠለ። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። አንዲት ንቅሳታም ልጅ ደግሞ ነገሩ የቤቱ ሥርዓት መስሏት 1 ዶላር ይዛ ቤዝ መቺው ጋ ሄደች።

ሲጨርሱ ልጁ ብሯን በሁለት እጁ ይዞ መጣና «ሰር፣ ይሄ ምንድን ነው?» አላቸው።

«ደመወዝህ» አሉት።

ስቄ ስቄ ሲወጣልኝ አጎቴ ልክ እንደሆኑ ገባኝ። አንድ ዘፈን በስልካችሁ ስትሰሙ ለባለቤቱ የሚደርሰው የሳንቲም ስባሪ ነው። ስፖቲፋይማ ከ2024 ወዲህ በዓመት 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን ጭራሽ አይከፍልም። አዲስ ባንድ ለቫኑ ቤንዚን የሚሞላው በር ላይ ከምትከፍሉትና ከምትገዙት ቲሸርት ነው። አዝማሪ ቤት ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ጥናት አያስፈልገውም፤ ገንዘቡ ከኪሳችሁ ወጥቶ ግንባሩ ላይ ሲያርፍ መሐል ላይ ቆራጭ የለም።

ደግሞ ማንም ያልሰማውን መስማት የፈረንጅ ቅብጠት እንዳይመስላችሁ። ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ መጥቶ እዚሁ ከቀረ በኋላ ለዓመታት ደላስ አየር ማረፊያ ታክሲ ሲነዳ ኪቦርዱ ከመኪናው ዕቃ መጫኛ አይለይም ነበር፤ ተራ እስኪደርሰው ይለማመድበታል። ባሕር ዳር ላይ የ1985 ካሴቱን አግኝቶ ባለቤቱን ሲያፈላልግ የደረሰበት አንድ አሜሪካዊ ነው፤ በ2013 በትንሽዬ አሳታሚው እንደገና አወጣለት፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። እኛ የት ነበርን? ከኋላ ወንበር ተቀምጠን በስልክ እያወራን!

አዲስ ባንድ ከየት ይገኛል ለምትሉ፣ እኔ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሬዲዮ 88.1 ላይ እሰማለሁ። ጉልበቱ 30 ዋት ብቻ ስለሆነ ከኮሌጅ ፓርክ ትንሽ ስትርቁ እዚያው ቁጥር ላይ ያለው የባልቲሞር ጣቢያ ይውጠዋል። ስለዚህ ዘፈኑ ከጣማችሁ ዳር ይዛችሁ ቁሙና ስሙ እስኪነገር ጠብቁ። የሰማችሁትን ስም ባንድካምፕ ላይ ፈልጉት፤ እዚያ ዲጂታል ሙዚቃ ስትገዙ ድርጅቱ የሚወስደው ብዙውን ጊዜ 15 በመቶ ነው። ልጆች ያሏችሁ በሰመር ፎርት ሪኖ መናፈሻ ሂዱ፤ ከ1968 ጀምሮ የሰፈር ባንዶች በነፃ የሚጫወቱበት ሣር ነው።

ሰዓት አክብሩ። «በር የሚከፈተው ከምሽቱ 1 ሰዓት» ከተባለ የሚከፈተው 1 ሰዓት ነው፤ እንደኛ ኮንሰርት እራት በልታችሁ፣ እንቅልፍ ተኝታችሁ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ብትሄዱ የምታገኙት መጥረጊያ የያዘ ሰው ነው። የመጀመሪያውን ባንድ እንዳታሳልፉት፤ እኔ ከምወዳቸው ባንዶች አብዛኞቹን ያገኘሁት በሌላ ባንድ ኮንሰርት መክፈቻ ላይ ነው። ቲሸርት የሚሸጥበት ጠረጴዛ ከመውጫው አጠገብ ነው፤ ካርድም ይቀበላሉ።