ፀጉር የሚታጠብበትን ጊዜ ለመወሰን የወጣ አዋጅ

ስማ፣ ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ከፊሉ ሕዝብ በየማለዳው ራሱን በሻምፖ ሲፈትግ፣ ከፊሉ ሹሩባውን ሳይፈታ ክረምቱን በማሳለፉ፤ ሁለቱም ወገን «ቆሻሻ!» «ቅብጥብጥ!» እየተባባለ ሰላም በማደፍረሱ፤ በማስታወቂያ ላይ ፀጉሯ እስከ ወገቧ የሚዘናፈለው ወይዘሪትም ሳይጠሯት ጣልቃ በመግባቷ፣ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ ይህ አዋጅ «የራስ ገዝ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2፦ ወዝ የሚመነጨው ከራስ ቆዳ ነው። በዞማ ፀጉር ላይ ቶሎ ይወርዳል፤ በከርዳዳ ፀጉር ላይ ግን በየጥምዝምዙ እየተያዘ ጫፍ ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ ፀጉሩ ዞማና ወዛም የሆነ ሰው በየቀኑ ቢታጠብም አይከሰስም። ከርዳዳው በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃዋል፤ የአሜሪካ የቆዳ ሕክምና አካዳሚም ለጥቁር ሰው ፀጉር የሚመክረው ይህንኑ ነው። ሻምፖ ለራስ ቆዳ፣ ኮንዲሽነር ለጫፍ። ይህን ያገላበጠ ቅጣቱን ከማበጠሪያው ላይ ይለቅማል።

አንቀጽ 3፦ ፎረፎር የታየበት ሰው «አይታጠብም» ተብሎ አይታማም። ነገሩ በራስ ቆዳ ላይ ከሚኖር ፈንገስ ጋር የተያያዘ ነው፤ ንጹሑንም አይምርም። ፈንገሱ የሚመገበው ቅባት ስለሆነ «ቅቤ ይሻልሃል» የሚሉ አክስቶች ለጊዜው ከምክር ይታቀቡ።

አንቀጽ 4፦ ከዚህ ውጪ ለጋ ቅቤ ተቀብቶ መዋል የማይገሰስ መብት ነው። ሆኖም የተቀባ ሰው ታክሲ ሲሳፈር መስኮት ዳር ይቀመጣል፤ መስኮቱም ይከፈታል። «ብርድ ገባ፣ ይዘጋ!» የሚል ተሳፋሪ ለዚያች ጉዞ ብቻ አቤቱታው ውድቅ ነው።

አንቀጽ 5፦ ካስክ ሥር አንድ ሰዓት ተቀምጣ፣ ጆሮዋ ተለብልቦ፣ ልክ ከፀጉር ቤቱ በር ስትወጣ የሐምሌ ዝናብ የተቀበላት እህት ፌስታል ብታጠልቅ አይሳቅባትም። የሳቀ የሚቀጥለውን ፀጉር ሥራ ይከፍላል።

አንቀጽ 6፦ ከላይ የተደነገገው ቢኖርም፣ በአዲስ አበባ የመታጠቢያ ቀን የሚወስነው የውሃ ፈረቃ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ቧንቧው ሲያጓራ የሰማ ቤተሰቡን ይቀሰቅሳል። ከጀሪካኑ በፊት ራሱን ያስቀደመ ግን ጉዳዩን ከእናቱ ጋር ይጨርስ፤ ይግባኝ የለውም።

አንቀጽ 7፦ ይህ አዋጅ ውሃ ከመጣበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል። ሻምፖ ተቀብታችሁ ውሃ የሄደባችሁ የጎረቤት በር አንኳኩ፤ ጎረቤትም የመክፈት ግዴታ አለበት።