ሰማይ የሚከሰስበት ሰፈር

ካዛንቺስ ላይ ሰማይ ለማየት የሦስት ባለሥልጣናት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የደመናው፣ የመብራቱና የዘበኛው። ደመናው «ክረምቱ እኮ ወጣ» ያለን ሰው ማሳፈር ይወዳል። መብራቱ ድሮ ቶሎ ቶሎ ይጠፋልን ስለነበር፣ ጎረቤቱ ሁሉ እያማረረ ሻማ ሲፈልግ እኛ ጥቂት ከሃዲዎች በደስታ ወደ ቴራስ እንሮጥ ነበር። የኮሪደር ልማቱ መብራት ከተዘረጋ ወዲህ ግን በመስቀል አደባባይ በኩል ያለው ሰማይ ሌሊቱን ሙሉ የሠርግ አዳራሽ ሆኖ ያድራል። ዘበኛችን ደግሞ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ባይኖኩላር አንጠልጥሎ ደረጃ የሚወጣ ጎልማሳ፣ ዓይኑ ከጎረቤት መኝታ ቤት በላይ የሚያይ ለመሆኑ ማስረጃ ያምጣ ባይ ነው።

«እኛ» ስል ማኅበር እንዳይመስላችሁ። ማኅበር የሚባለው ከ1996 ጀምሮ ያለው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ነው። እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የአንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። የእኛ ከፍታ አምስተኛ ፎቅ ነው። አባላቱም የጂኦግራፊ ጡረተኛው ቲቸር፣ ከሕንጻው ጀርባ እየኖሩ ከሥሩ ጀበና ቡና የሚያፈሉት እትዬ፣ እኔና (ከመጠርጠር ብዛት በመጨረሻ አባል የሆነው) ዘበኛው ነን።

በ2017 መባቻ የጠበቅነው ጅራታም ኮከብ (ኮሜት) ጹቺንሻን-አትላስ ይባላል። መጀመሪያ ጥር 2015 ቻይናዎች አዩት፤ በየካቲት ደግሞ አትላስ የሚባለው የቅኝት ፕሮግራም ደቡብ አፍሪካ በተከለው ቴሌስኮፕ ተያዘ። ዘበኛው ይህን ሲሰማ፣ «አትላስ? እዚህ ቦሌ ያለው?» አለ። ከ80 ሺህ ዓመት በኋላ ነው የሚመለሰው እየተባለ ይወራል ስለው ደግሞ ራሱን ነቀነቀ። «በትራፊኩ ነዋ!» እትዬ ግን በ80 ሺህ ዓመት አልደነቁም። በ2005 ኮንዶሚኒየም የተመዘገበ ሰው በቁጥር አይደነግጥም።

ቀኑን ልብ በሉልኝ። ኮሜቱ ለፀሐይ እጅግ የሚቀርበው መስከረም 17 ቀን ነው፤ በመስቀል ዕለት። ወደ 58 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይቀርባታል፤ ይህ ከሜርኩሪ ሰፈር መግባት ነው። ከበረዶና ከአቧራ ለተሠራ አካል እንዲህ ያለው ጉብኝት ወይ ያሳምራል ወይ ያጠፋል። ዝነኛው የኮሜት ሊቅ ዝደነክ ሴካኒና ገና በሐምሌ 2016፣ ይህ ኮሜት ፀሐይ ዘንድ ሳይደርስ ይበታተናል ብለው ጽፈው ነበር። ቲቸርም ከአይሰን በኋላ ማንንም ኮሜት አያምኑም። አይሰን «የክፍለ ዘመኑ ኮሜት» ተብሎ ዓመት ሙሉ ከተወራለት በኋላ፣ ኅዳር 19 ቀን 2006 ከፀሐይ ገጽ በላይ በ1.2 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ሲያልፍ ፈራርሶ ቀረ። ቲቸር ያንን የሚያወሩት ሙሽራዋ በዋዜማው እንደጠፋችበት ሰው ነው።

የመስቀል ዋዜማ ደመራው እዚሁ ቂርቆስ፣ መስቀል አደባባይ ተለኮሰ። ሲነጋጋ እኛ ቴራስ ላይ ፊታችንን ወደ ዑራኤል አዙረን ቆምን። ደመና ነበር። በደመናው ስንጥቅ አንዲት የደበዘዘች ጭረት ታየችኝ፤ ቲቸር የደመራ ጭስ ነው አሉ፤ እስካሁንም አልታረቅንም። ይሄኔ ዘበኛው መጣ።

«ወደየት ወደቀ?»

«ደመራው?»

«ጅራቱ!»

ቲቸር የማስተማር ዕድል ሲያገኙ ጡረታቸውን ይረሳሉ። ፀሐይ በረዶውን ታተነዋለች፤ ጋዙና አቧራው ይወጣል፤ ብርሃኗና ነፋሷ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ጅራቱ መቼም ቢሆን ፊቱን ከፀሐይ ያዞረ ነው አሉ። ዘበኛው ትንሽ አሰበ። «ፀሐይ በምሥራቅ የምትወጣ ከሆነ፣ ጅራቱ ወደ ምዕራብ ነው። ወደ እኛ ማለት ነው።» ወረደ። ቁርስ ሳይደርስ ጅራቱ ካዛንቺስ ላይ መውደቁን ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

ከዚያ በኋላ ክሱ ተደራረበ። መስከረም 26 ማታ የአዋሽ ፈንታሌ መሬት ተንቀጥቅጦ አዲስ አበባ ድረስ ሲነቀንቀን፣ ብርድ ልብስ ለብሶ ደረጃ የወረደ ሁሉ ቀና ብሎ ኮሜቱን በዓይኑ ፈለገ። የብር መዳከምም ተጻፈበት። ቀጥሎ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ትነሣለች የሚለው መጣ፤ ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነ፤ ጥፋተኛው ተገኘ።

እኔ ጥብቅና ቆምኩ። የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን የተባለው ሐምሌ 22 ነው፤ ተከሳሹ በዚያን ቀን ከፀሐይም በላይ ከእኛ ርቆ ነበር። ስምጥ ሸለቆ ሚሊዮን ዓመታት ሲሰነጠቅ የኖረ ነው፤ የኮሜት ፈቃድ አልጠየቀም። ሰፈር ማፍረስ ደግሞ ካርታ፣ ፊርማና ማኅተም ይፈልጋል፤ ጅራታም ኮከብ ማኅተም የለውም። ቲቸርም ከታሪክ ምስክር አመጡልኝ። የሃሌይ ኮሜት በ1902 ሲመጣ ምኒልክ በጠና ታመው ነበር፤ ይሁንና እቴጌ ጣይቱ ከሥልጣን የተገለሉት በመጋቢት ነው፤ ኮሜቱ ለምድር የቀረበው በግንቦት። ነገሩ ካለቀ በኋላ የደረሰ ሰው በምን ይከሰሳል? ፈረንጆቹም ያኔ መሬት በጅራቱ ውስጥ ታልፋለች ሲባሉ ፀረ-ኮሜት ክኒን ገዝተው ውጠዋል፤ ስለዚህ ማንም በማንም አይስቅ።

እትዬ ስኒ እያጠቡ ሁሉንም ሰሙ።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ነው የተባለው አይደል?» አሉ። «ሰማይ አይከሰስ ያለ የለም። ታዲያ ማንን ልክሰስ?»

ጠበቃው ዝም አልኩ። በዚህ ሙግት እስካሁን ይግባኝ አላገኘሁም።

ኮሜቱ ግን ሴካኒናን አሳፍሮ ፀሐይን ዞረ። ጥቅምት 2 ቀን ከመሬት በ70 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ሲያልፍ፣ አሁን በምሽት በምዕራብ በኩል፣ ከቬነስ በስተቀኝ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን ተጉዞ መጥቶ ከእኛ ቴራስ ሲታይ የተደበቀው ከአንድ ባንክ ሕንጻ ጀርባ ነው። በማግስቱ ምሽት ከፍ ብሎ ከሕንጻው ወጣ። ጅራቱ ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ያለ ባይኖኩላርም የሚታይ ነበር። ቲቸር አይሰንን ይቅር ማለታቸውን በይፋ ተናገሩ። ዘበኛው ባይኖኩላሩን ተቀብሎ አልመልስም አለ፤ ጥበቃው ሁሉ ወደ ምዕራብ ዞሮ፣ በሩን ለማንም ክፍት ትቶ ነው ያመሸው። እትዬ አንድ ጊዜ አዩና፣ «መልኩስ ወንጀለኛ አይመስልም» አሉ።

ጥቅምት ሲያልቅ ኮሜቱ ደበዘዘ። እትዬም ብዙ የካዛንቺስ ሰው እንደሄደው ወደ ገላን ጉራ ሄዱ። ኅዳር ላይ ደወሉልኝ።

«አንተ፣ ሰማዩ እዚህ ከበራፌ ነው የሚጀምረው! ያን መነጽርህን ይዘህ ና፤ ቡና አፈላለሁ። መቼ ነው የሚመጣው?»

የሚቀጥለውን ብሩህ ኮሜት ማንም በእርግጠኝነት መናገር እንደማይችል፣ አብዛኞቹ ሳይታሰብ እንደሚገኙ፣ ሊቃውንቱም ቢሆኑ እንደሚሳሳቱ በዝርዝር አስረዳኋቸው። እስክጨርስ ታገሡኝ።

«ኮሜቱን ማን ጠየቀህ?» አሉ። «የማታ ታክሲውን ነው እንጂ!»