የሶፋ ሥር መጋዘን

የባልትና ሥራ እቤቴ ስጀምር ያልመረቀኝ ሰው የለም። «ኪራይ የለብሽ፣ የታክሲ ሰልፍ የለብሽ፣ ምን ያስጨንቅሻል!» ብለውኛል። እውነታቸውን ነው፤ ኪራይ የለብኝም። ያለኝ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሊፍት የሚባል ነገር አያውቅም። ሶፋው ሥር አብሽና ጥቁር አዝሙድ አለ። አልጋው ሥር ገና ያልተቀነጠሰ የማርቆ በርበሬ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ በባለቤቴ ሱፍና በእኔ የሐበሻ ቀሚስ መሃል፣ ኮረሪማ በገመዱ ተንጠልጥሏል። ባለቤቴ ሠርግ ቤት ሲገባ ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞር ይላል፤ ወጥ መጣ ብሎ።

በርበሬ ግቢ ላለው ሰው የተፈጠረ ሙያ ነው። ይቀነጠሳል፣ ይታጠባል፣ ይሰጣል፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ይደለዛል፣ እንደገና ይሰጣል፤ ቅመሙ ለብቻው ይታመሳል፤ ከዚያ ወፍጮ ቤት። የእኔ ግቢ በረንዳው ነው። ፀሐይ እስከ ስድስት ሰዓት እኔ ዘንድ ትቆይና ወደ ጎረቤቴ በረንዳ ትሻገራለች፤ በርበሬውም ተከትሏት ይሻገራል። ጎረቤቴ ደግ ሴት ናቸው፤ አንድም ቀን ክፈይ ብለውኝ አያውቁም። ማታ ሰፌዱን ስወስድ ግን ጎደል ብሎ ነው የማገኘው። የፀሐይ ኪራይ ብዬ ይዤዋለሁ።

ቅመሙን የማምሰው ኮሚናል ወርጄ ነው፤ እዚያም ለቅሶ ወይም ክርስትና ካለ ተራ እጠብቃለሁ። አንዴ ተራው ሲያንገሸግሸኝ እቤት አመስኩና ደረጃው ከላይ እስከ ታች አስነጠሰ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሊቆጡኝ በሬን አንኳኩ፤ አፋቸውን ሲከፍቱ ማስነጠሱ ቀደማቸው። ተግሣጹን እስከ ዛሬ አልሰማሁትም።

ገበያውም ቢሆን ከፀሐይ ጋር ተኳርፏል። ከዐቢይ ጾም በፊት የሽሮ ጥያቄ ይጎርፋል፤ 55 ቀን ያለ ሽሮ አይገፋማ! ያኔ እንኳ ፀሐይ አለ። ጉዱ ክረምት ነው። ዳያስፖራው ለዕረፍት የሚመጣው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ሰማዩ እንደ ተቆለፈ። ሻንጣው 23 ኪሎ ይይዛል፤ ልብሱን ለዘመድ አከፋፍሎ ሲያበቃ የቀረውን ቦታ በርበሬ ይሞላዋል። «ሐሙስ ነው የምበረው፣ በደንብ የደረቀ ይሁን» ትለኛለች አንዷ፤ ውጭ በረዶ ይወርዳል።

ሥርዓት ይያዝ ያለው ባለቤቴ ነው። መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ቁጥር ያልተሰጠው ነገር ካየ እንቅልፍ አይወስደውም። አንድ ቅዳሜ ማርከርና ፕላስተር ይዞ ገባና እቃውን በሙሉ መዘገበው። ምጥን ሽሮ «ም/ሽ/01» ሆነ፤ ነጭ ሽሮ «ነ/ሽ/02»፤ ጨው እንኳ ቁጥር ደረሰው። እውነቱን ለመናገር ሲያዩት ያምር ነበር። በማግስቱ አማቴ ሊጠይቁን መጡ። ባልዲውን ሁሉ ከፈቱ፤ በሁለት ጣታቸው ቆንጠር እያደረጉ ቀመሱ፤ «ይሄኛው በሶብላ አንሶታል፣ ልጄ» አሉኝ፤ ክዳኖቹንም እንዳገኙ መልሰው ገጠሙ። ቁጥሩ የተጻፈው ክዳኑ ላይ ነበር። እኔም ከዚያ ወዲህ የምለየው እንደ እሳቸው በምላሴ ነው።

ደንበኛም ቢሆን በቁጥር አያዝም። «እንደ ባለፈው አድርገሽ ላኪልኝ» ነው የሚለኝ። ያለፈው ስንት ኪሎ ነበር? ያቃጥል ነበር ወይስ ለዘብ ያለ? እሱን አንቺ አስታውሺ። ክፍያው ደግሞ ሌላ ምርመራ ይፈልጋል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ብር በእጄ አያልፍም ማለት ይቻላል፤ ስልኬ ጢው ሲል ገባ ማለት ነው። ያዘዘችው ሴት ናት፤ የላኪው ስም የወንድ ነው። ባሏ ነው? ወንድሟ ነው? ወይስ የእቁብ ጸሐፊያችን? እቁቡም፣ እድሩም፣ የእህቴ ብድርም የሚገባው በዚያችው ቁጥር ነው።

ዓመቱስ? በአንድ ቤት ውስጥ ሦስት አዲስ ዓመት አከብራለሁ። የእኔው መስከረም 1 ነው። የስልኬ ታኅሣሥ ውስጥ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ደግሞ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የንግድ ፈቃድ እድሳትም ያኔ ይከፈታል። «ባለፈው ዓመት ስንት ሸጥሽ?» ሲሉኝ፣ የትኛው ዓመት እንደሆነ መጀመሪያ እጠይቃለሁ።

ይህ ሁሉ ግን ይቻላል። እቃም ቢሆን ተገፍቶም ተነባብሮም ቦታ አያጣም። ያቃተኝ ወሰኑ ነው፦ ንግዱ የት አልቆ ቤቱ የት እንደሚጀምር። እራት ስሠራ ሽሮ የምዘግነው ከሚሸጠው ነው። ዘመድ ሲመጣ ባዶ እጁን አይሸኝም። የቤቱ ጋዝ ሲያልቅ ከሽያጩ ይገዛል፤ ወፍጮ ቤት ስሄድ ከአስቤዛው ብር አነሣለሁ። የሒሳብ ሠራተኛ የሆነች የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግራት ራሷን ያዘች። «የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የግል ወጪን አይቀንስልሽም፤ ለባልሽ ያበላሽው ሽሮ የንግድ ወጪ አይባልም» አለችኝ።

«ታዲያ ምን ይባላል?»

«ትዳር! በይ ለብቻው ጻፊው።»

በዱቤ ደብተሬ ላይ «ቤት» ብዬ አንድ ገጽ ከፈትኩ። ቤት፣ ምጥን ሽሮ፣ 1 ኪሎ። ቤት፣ በርበሬ፣ ግማሽ ኪሎ። ቤት፣ በርበሬ፣ ለአማት የተላከ፣ 2 ኪሎ። የእጅ ጽሑፌ «ት»ንና «ቲ»ን እምብዛም አይለይም። በወሩ መጨረሻ ባለቤቴ መነጽሩን አድርጎ ደብተሩን ሊመረምር ተቀመጠ። ገጹ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«ይቺ ቤቲ ማን ናት?»

«ምነው?»

«ዕዳዋ ከሁሉም ይበልጣል! አንድ ቀን እንኳ ከፍላ አታውቅም። ለአማቷ ሳይቀር በዱቤ ነው የምትልከው፤ ምን ዓይነት ሰው ናት? ከዛሬ ጀምሮ እፍኝ እንዳትሰጫት!»

«እሺ፣ አልሰጣትም» አልኩት። ማታ ዳቦና ሻይ አቀረብኩለት።