ወንበር ፍለጋ ወደ ደብረ ሊባኖስ

በጎጃም መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ሊባኖስ የሚደርስ ተሳላሚ፣ ከአውቶቡስ እንደወረደ ወገቡን ይዞ ያቃስታል። መንገዱን ሁሉ ተቀምጦ ነው የመጣው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት፣ ገድላቸው እንደሚለው፣ አንድ እግራቸው ከተቆረጠ በኋላ 7 ዓመት በአንዱ ቆመው ጸልየዋል። የኛ ሰው እሳቸው ደጅ ደርሶ የሚያስቀድመው ጥያቄ «አረፍ የሚባልበት የለም?» የሚል ነው።

ቅዳሴ ሲገባማ ጉዱ ይታያል። መጀመሪያ ግድግዳ ይደገፋል፣ ቀጥሎ ምሰሶ፣ በመጨረሻም ሰው። ጎኑ የቆሙት አሮጊት መነኩሲት ዘጠና ቢሞላቸው ነው፤ ንቅንቅ አላሉም። እሱ ሰዓቱን ያያል።

ያው ሰውዬ ገደሉ አፋፍ ላይ ግን ድካም አያውቅም። ጭላዳ ዝንጀሮ ለማየት ከመቅደሱ ይልቅ ረጅም ጊዜ ይቆማል፣ ሣር ለሚግጥ እንስሳም ብስኩት ይወረውራል። አጠገቡ ያለው የድንጋይ ድልድይ የራስ ዳርጌ ሥራ መሆኑ ሲነገረው ቅር ይለዋል። ምን ያድርግ፣ ፎቶውን «ፖርቱጋሎች የሠሩት» ብሎ ለጥፎታል።

ገዳሙ ሙዚየም አይደለም፤ የአብነት ተማሪው ያዜማል፣ መነኮሳቱ ይሠራሉ። እንጨት ተሸክመው ዳገቱን የሚወጡ አባት አንዷን ጎብኚ ማረኳት። «አባ፣ እባክዎ እዚያው ይቁሙልኝ፣ ፀሐዩ በዚህ በኩል ያምራል!» ሸክሙን ላግዝዎ ያለ አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ። እሳቸው ግን ቆሙላት። ባርከዋትም ሄዱ።

በግንቦት 1929 የግራዚያኒ ወታደሮች የገዳሙን መነኮሳትና ለበዓል የመጣውን ምእመን ፈጅተዋል። እኔ በሄድኩበት ዕለት ስለዚህ ፍጅት ሲጠይቅ የሰማሁት ሰው የለም፤ የጠበሉ ወረፋ ከየት እንደሚጀምር ያልጠየቀም የለም። ወረፋው ላይ ባለ አምስት ሊትር ጄሪካን የያዘ ባለ ሃያውን ይገላምጣል። ባለ ሃያው ደግሞ «ለጎረቤትም ነው» ይላል። ጎረቤቱ ኋላው ቆሞ የራሱን ሃያ ሊትር ይዟል።

በገዳሙ ዋሻ በር ላይ የአንዱ ስልክ ጮኸ። ባሕታዊው ከደጃፉ ቀና አሉ፣ ዲያቆኑም ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ሰውየው ስልኩን አነሳና ሸለቆው እስኪያስተጋባ ድረስ ጮኸ፦ «ሄሎ! ገዳም ነኝ! መጮህ ክልክል ነው! ክል-ክል! ትሰማኛለህ?!»