ስለ ግጭት፣ ስለ ሞመንተምና ስለ ጉልበት የወጣ አዋጅ

ከጮቄ ተራራ ግርጌ እስከ ዓባይ በረሃ ለሚኖር፣ በተለይም በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ፊዚክስ ለሚማርና መሪ ለሚጨብጥ ሁሉ፤

የግጭት ጥያቄ በቀረበ ቁጥር ከግጭቱ በፊትና በኋላ ያለውን የእንቅስቃሴ ጉልበት ሳይመረምሩ እኩል ነው ማለት በተማሪዎች ዘንድ ሥር የሰደደ ልማድ ሆኖ በመገኘቱ፤ ሾፌሮችም ፍጥነት ትርፍ እንጂ ዕዳ የሌለው ይመስል የሚነጉዱ በመሆኑ፤ ሁለቱንም ወገን በአንድ ሕግ መዳኘት በማስፈለጉ፣ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። «ሞመንተም» ማለት የአንድ አካል መጠነ ቁስ በፍጥነቱ ተባዝቶ የሚገኝ፣ አቅጣጫም ያለው ልክ ሲሆን፣ «የእንቅስቃሴ ጉልበት» ደግሞ የመጠነ ቁሱ ግማሽ በፍጥነቱ ስኩዌር ተባዝቶ የሚገኝ፣ አቅጣጫ የሌለው ልክ ነው። ወደ ደጀን የሚሄደውን በፖዘቲቭ የመዘገበ ተማሪ ከደጀን የሚመጣውን በኔጌቲቭ የመመዝገብ ግዴታ አለበት፤ ምልክቱን የዘነጋ እንደሆነ መልሱ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

አንቀጽ 2። ከነጭነቱ 5,600 ኪሎ ግራም የሚመዝን አይሱዙ በሰከንድ 15 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር እየከነፈ፣ ሾፌሯ ሻይ ሊጠጣ ወርዶ ባዶዋን የቆመችን 400 ኪሎ ግራም ባጃጅ ከኋላ ቢገጭና ተጣብቀው ቢሄዱ፣ በግጭቱ ቅጽበት የመንገዱ ሰበቃ ከቁጥር ካልገባ በቀር፣ ጠቅላላ ሞመንተሙ ሳይነካ ሁለቱም በሰከንድ 14 ሜትር ይጓዛሉ። አይሱዙው ያጣው በሰከንድ 1 ሜትር ብቻ ሲሆን ባጃጇ 14 ታተርፋለች፤ ትርፉን የሚመኝላት ግን የለም። የእንቅስቃሴ ጉልበቱ በአንጻሩ ከ630,000 ጁል ወደ 588,000 ይወርዳል፤ የጎደለው 42,000 ጁል ቆርቆሮ በማጨማደድ፣ በሙቀትና በድምፅ የወጣ ስለሆነ፣ ጠፋብኝ ብሎ ለፖሊስ ማመልከት አይቻልም። ሳይጣበቁና ሳይጨማደዱ የሚላተሙ አካላት፣ ለምሳሌ ብይ፣ ጉልበታቸውንም ከሞላ ጎደል ይጠብቃሉ፤ ይህን ድንጋጌ የሰፈር ልጆች ያለ ካልኩሌተር ሲያስፈጽሙ ኖረዋል።

አንቀጽ 3። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል በመሆኑ፣ 10,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን የጭነት መኪና ከከፍታው ብቻ ከ98 ሚሊዮን ጁል ያላነሰ ጉልበት ይረከባል፤ ይህም ወይ በሞተሩና በፍሬኑ በኩል ወደ ሙቀት ይለወጣል፣ ወይ ከፊት ካለው ጋር ይተዋወቃል። ስለዚህ በከባድ ማርሽ መውረድ ግዴታ ሲሆን፣ «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚል መከራከሪያ በተፈጥሮ ችሎት ተቀባይነት የለውም፤ ፍጥነቱን እጥፍ ያደረገ ሾፌርም ሞመንተሙ እጥፍ፣ ጉልበቱ ግን አራት እጥፍ እንደሚሆንበት ከወዲሁ ይወቅ።

አንቀጽ 4። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሬኔ ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ የደነገገው፣ ትንሽ አካል የቱንም ያህል ቢፈጥን የቆመን ትልቅ አካል ፈጽሞ አያንቀሳቅስም የሚለው ደንብ፣ ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሁይገንስ ስሕተቱን ካሳየ ወዲህ የተሻረ ነው። የባጃጅ ሾፌሮች ግን ሽረቱን እንደ ፈቃድ እንዳይቆጥሩት።

አንቀጽ 5። ይህ አዋጅ በየትኛውም ምክር ቤት ድምፅ ያልተሰጠበት እንደመሆኑ ማሻሻያ አይቀርብበትም፤ በነጋሪት ጋዜጣ እስኪታተም ሳይጠበቅም በአስፋልቱም በኮረኮንቹም ላይ የጸና ይሆናል።